ሀጂራ ሽማግሌ ያሻገረች ዕለት

ድልድዩን ያላየ ሰው ሲነግሩት ያጋነኑበት ይመስለዋል። ከአዳማ ወርዶ፣ የሽንኩርቱን ማሳ አቋርጦ አዋሽ ዳር የደረሰ እንግዳ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ወፋፍራም የብረት ገመዶች ከዚህ ማዶ እስከዚያ ማዶ ተወጥረዋል፤ ከእነሱ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ወርደዋል፤ ሽቦዎቹ ደግሞ ጣውላ ተሸክመዋል። በቃ፣ ድልድይ የተባለው ይኸው ነው። ርዝመቱን ካላችሁ፣ በዚህ ጫፍ የቆመ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። መሀሉ ረገብ ብሎ ወደ ውሃው ወርዷል። ከሥሩ አዋሽ ወተት እንደገባበት ሻይ ደፍርሶ ይሄዳል። አዞ አለበት ይላሉ። ይላሉ ብቻ አይደለም፣ አለበት።

ሲመረቅ እንዲህ አልነበረም። ያሠሩት የእርዳታ ሰዎች ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነስተው፣ በመኪናቸው አቧራ አስነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጣውላውን ፀሐይ ሰነጠቀው፣ ዝናብ አበሰበሰው፣ አህያ ረገጠው። የወደቀውን ጣውላ የሰፈሩ ሰው በባህር ዛፍ አጣና ተካ፤ አጣናው ሲሰበር ቆርቆሮ መታበት፤ ቆርቆሮውን ንፋስ ሲወስደው ክፍቱን ተወው። በየክፍተቱ ላይ ከገመዱ የታሰረ ቀይ ፌስታል አለ፣ «እዚህ ጋ እግርህን ዘርጋ» ለማለት ነው። ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ በግራና ቀኝ የተሰፋው የሽቦ መረብ ግማሹ ዶሮ ቤት ሆኗል። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለወሰደ ግን ማንም አያነሳውም።

መሻገሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጣውላዎች ሲረግጡ ምንም የለም፣ እንዲያውም «ይኸ ነው እንዴ?» ያሰኛል። ጥቂት ገባ ሲሉ ግን ድልድዩ መልስ መስጠት ይጀምራል። እግር ሲወርድ እሱ ይነሳል፣ እግር ሲነሳ እሱ ይወርዳል። ሰው ደንግጦ ሲቆም እሱ አይቆምም። መሀል ላይ ንፋስ ካገኘ ወደ ጎንም ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ ጎበዝ ነኝ ባዩ ሁሉ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይን መጨፈን ደግሞ የባሰ ነው፤ ክፍተቱን ማን ያይለታል? እንግዲህ የሀጂራ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሀጂራ ድልድዩ ራስ ላይ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት ናት። ሃምሳውን አልፋለች፤ አጭር ናት፣ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ። ከወሎ የመጣችው ባሏ ዛኪር እርሻ ላይ ሊቀጠር ሲመጣ ተከትላው፣ ገና ልጅ እግር ሙሽራ ሳለች ነው። ዛኪር በወባ ሞተ። ዘመዶቿ ነይ ወደ አገርሽ ቢሏት፣ ሱሃይላ የምትባለውን አንዲት ልጇን አዝላ «አገሬ ባሌ የተቀበረበት ነው» አለችና ወንዙ ዳር ቀረች። ኦሮምኛውን የተማረችው ከወዲያ ማዶ ለገበያ ከሚመጡ ሴቶች ነው። ዛሬ ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ የት ላይ እንደቀየረችው እሷም አታውቀውም።

ማሻገር የጀመረችው ሳታስበው ነው። ማናሴ የሚባል የከብት ሐኪም፣ የአዳማ ልጅ፣ ማዶ ከብት ሊከትብ ሲሄድ መሀል ላይ ደርሶ ቀረ። ወደፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ሰዉ ዳር ላይ ቆሞ ይስቅበታል፤ አንዱ «ክትባቱን ለራስህ ውጋው» ይለዋል። ሀጂራ የፓስቲውን ዘይት ከእጇ ጠርጋ ገባችና ፊቱ ቆመች። እንዲረጋጋ ብላ ስሙን ጠየቀችው። ማናሴ ነኝ አለ። የማን ልጅ? የይትባረክ። ይትባረክስ የማን? እንዲህ እያለች በአንድ አባት አንድ ሁለት እርምጃ እያስጎተተች ወሰደችው። አራተኛው አባት ላይ ሲደርስ አለቀበት፤ «በእናትህስ?» አለችው። በእናቱ አያት ስም ላይ እያለ እግሩ አፈር ነካ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴዋ ይኸው ሆነ። የሚፈራ ሰው ሲመጣ ፊት ፊቱ ወደ ኋላዋ እየሄደች አባት ታስቆጥረዋለች። ሰው የአያቱን አያት ስም ፍለጋ ልቡ ከሄደ ከሥሩ ያለውን ውሃ ይረሳዋል። የማዶ ሰዎች፣ አርሲዎቹ፣ ዘር ሲቆጥሩ ማቆሚያ የላቸውም፤ ድልድዩ ያልቃል እንጂ አባት አያልቅባቸውም። የከተማ ልጆች ግን ገና መሀል ሳይደርሱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። «ምነው፣ አባቶቻችሁን አዳማ አስቀምጣችኋቸው መጣችሁ?» እያለች ትስቅባቸዋለች፣ ግን አትተዋቸውም፤ በአክስት፣ በአጎት፣ በጎረቤት ስም እያስቆጠረች ታደርሳቸዋለች። ነፍሰ ጡር አሻግራለች። ዓይነ ስውር አሻግራለች። አንድ ጊዜ አልንቀሳቀስም ያለች ፍየል በትከሻዋ ይዛ አሻግራለች፤ ፍየሏን ግን ምን እንዳስቆጠረቻት አይታወቅም። ይህን ሁሉ የምታደርገው በነፃ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ታዲያ ቆሜ ልያቸው?» ብቻ ነው መልሷ። እንዲህ ያለ ሰው በየወንዙ አይገኝም፤ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ።

ሱሃይላ አደገችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች፤ የተመደበችው ማዶ ነው። በየጠዋቱ የእናቷን ድልድይ ተሻግራ ትሄዳለች፣ በየማታው ትመለሳለች። እዚያ ኡበይደላ የሚባል ፓፓያና ቲማቲም የሚያለማ ወጣት ነበረ። ወሬው ሲያጥር፣ ተዋደዱ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ሀጂራም ወደደችው። ችግሩ ራህመቶ ነበር።

ራህመቶ የሟቹ የዛኪር ታላቅ ወንድም ነው፤ አዳማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። አባቷ ስለሌለ የሱሃይላ ኒካህ የሚታሰረው በእሱ ቃል ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱሃይላን ያስተማራት እሱ ነው። ግን ለሱቅ ጎረቤቱ ልጅ አስቧት ነበርና ወንዝ ተሻግራ እርሻ ውስጥ መግባቷ አልዋጥለት አለ። እምቢ ለማለት ምክንያት ስላጣ ደህና አድርጎ ተጠበበ። «ሽማግሌ ይላኩ፣ ደስ ይለኛል። ግን የቤታቸው ትልቅ ገርባ ራሱ ይምጣ። ልጆች ልከው እንዲጫወቱብን አልፈልግም» አለ። ሲሰሙት የክብር ነገር ነው፤ ማን ይቃወመዋል?

ገርባ የኡበይደላ አያት ነው። በጉብዝናው አዋሽን በዋና ያቋርጥ የነበረ ሰው ነው ይባላል። ድልድዩን ግን ከተሠራ ጀምሮ ረግጦት አያውቅም። «ውሃ ሲይዘኝ እታገለዋለሁ፤ ይህን የተንጠለጠለ ነገር በምን ልታገለው?» ይላል። በዙሪያ መንገድ በመኪና እናምጣዎት ቢሉት ደግሞ ቆሌው ተነሳ፤ ልጅ ለመለመን በመኪና የሄደ ሽማግሌ በዘራቸው የለም። ራህመቶ ይህን ሁሉ ያውቃል። ገርባ ካልመጣ ነገሩ እንደሚፈርስና ሱሃይላ ለአዳማው ልጅ እንደምትሰጥ መላው ሰፈር ያውቃል። ሱሃይላም ለእናቷ አንድ ነገር ብቻ ብላታለች፤ «እማዬ፣ ከኡበይደላ ውጪ ልቤ አያርፍም።» ሀጂራ ከዚያ ወዲህ ፓስቲው እያረረባት ነበር።

የተቀጠረው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ራህመቶ ከአዳማ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይዞ መጣ። ሀጂራ ቤት ፊት ለፊት ካለው የግራር ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈላቸው፤ ከዚያ ሆነው ድልድዩ ወለል ብሎ ይታያቸዋል። ሀጂራና ሱሃይላ ማድ ቤት ገቡ። ነገሩ እስኪያልቅ የልጅቷ እናት ወንዶቹ ፊት አትታይም፣ ድምፅዋም አይሰማም፣ ደንቡ ነው። ጎረቤቷ ዘውድነሽ ክርስቲያን ብትሆንም በዚህ ቤት ጉዳይ ከማንም በላይ ናትና በር ላይ ተለጥፋ ወሬ ታቀብላለች።

«መጡ» አለች ዘውድነሽ። «አራት ናቸው። ፊት ያለው ሽማግሌው ነው፣ ነጭ ጋቢ የለበሰው።»

ሀጂራ ማማሰያውን ይዛ ዞረች። «ገርባ ራሱ ገባበት?»

«ገባበት።»

ሱሃይላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሀጂራ ድስቱን አማሰለች፣ መልሳ አማሰለች፣ የምታማስለው ነገር ካለቀ ቆይቷል። ዘውድነሽ ዝም ስትል ሀጂራ ነገሩ ገባት። ዘውድነሽ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ቆመዋል እንዴ?»

«መሀል ላይ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል መሰለኝ። ዱላቸው ወደቀች፣ ውሃው ወሰዳት።»

«የኋላዎቹስ ምን ይሠራሉ?»

«ተሰልፈዋል።»

ሽማግሌ ሲሄድ ትልቁ ይቀድማል። መንገድ ላይ ደህና ደንብ ነው። ግን ከሁሉም የሚፈራውን ሰው «በክብር ይቅደሙ» ብሎ ድልድይ ላይ ፊት የሚያስቀድም ከእኛ በቀር ማን ይኖራል? ሦስቱ ሰዎች ከኋላው ቆመው «በርቱ ኦቦ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላሉ። ማንኛቸውም አልፈውት ፊቱ ሆነው እጁን መያዝ ይችሉ ነበር፤ ቦታው አይጠብም። ትልቅ ሰውን አልፎ መሄድ ግን ነውር ነው፤ በተለይ ልጅ ሊለምኑ በሚሄዱበት ቀን። እግራቸውን ባነሱና ባሳረፉ ቁጥር ድልድዩ ይበልጥ ይወዛወዛል፤ ሽማግሌው ይበልጥ ገመዱን ያንቃል።

በዚህ በኩል ደግሞ ከራህመቶ ሰዎች አንዱ ሊነሳ አለና ራህመቶ ቀሚሱን ይዞ አስቀመጠው። «የልጅቷ ወገን ተነስቶ ሽማግሌ አያመጣም» አለ። «ከመጡ ይመጣሉ። ካልመጡም የነሱ ጉዳይ ነው።»

ሀጂራ ይህን ከማድ ቤት ሰማች። አንድ ሽማግሌ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ከኋላው ያሉት በክብር ምክንያት አይነኩትም፣ ከፊቱ ያሉት በክብር ምክንያት አይነሱለትም። ልጇስ? የልጇ ዕድል እዚያ ገመድ ላይ ቆሟል። ሽርጧን ፈታች።

«እማዬ፣ አጎቴ...» አለች ሱሃይላ።

«አጎትሽን ለኔ ተዪው» አለችና ወጣች።

ወንዶቹ ፊት ስታልፍ ራህመቶ ቀና አለ። «ሀጂራ፣ ግቢ።»

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«የልጅቷ እናት ሽማግሌ ስታመጣ የት ታይቷል? ልጄ ቆማ ቀርታብኛለችና ውሰዱልኝ ማለት እኮ ነው። ነገ ልጅሽን በዚህ ይሰድቧታል።»

ይኸኛው ቃል እውነት ስለነበረ ሀጂራን ወጋት። እግሯ ለአፍታ ተያዘ። የሰው አፍ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ይህን ካላወቀች ማን ያውቃል? ግን ዞር ብላ ድልድዩን አየች። «ጋሼ፣ ሰውየው ከወደቁ ስድብም አይኖርም፣ ሠርግም አይኖርም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ሀጂራ ድልድዩን አትፈራም የሚሉ ተሳስተዋል። ሁልጊዜም የመጀመሪያውን ቀይ ፌስታል ስታልፍ ፍርሃት ይይዛታል። ለማንም ተናግራ አታውቅም እንጂ ሰው ስታስቆጥር እሷም በልቧ አብራ ትቆጥራለች። ያን ቀን ደግሞ ከኋላዋ የወንዶቹ ዓይን አለ፣ ከፊቷ የሽማግሌዎቹ። ቢስሚላህ ብላ ረገጠችው።

ገርባ በሁለት እጁ ገመዱን ጨብጦ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፍቶ ነበር። ጋቢው በንፋሱ ይርገበገባል። ከኋላው ያሉት፣ ሆራ የሚባለው ወንድሙም ጭምር፣ ማን እንደመጣች ሲያዩ አንገታቸውን ሰበሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኦቦ ገርባ» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም።» ዓይኑን አልከፈተም። «ማነሽ አንቺ?»

«ሀጂራ ነኝ።»

«የልጅቷ እናት?»

«አዎን።»

«ተመለሺ፣ ልጄ። የልጅቷ እናት መጥታ ጎትታ ወሰደችው ከምባል እዚሁ ብቀር ይሻለኛል።»

«መቅረቱ ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄን የምትለምኑት ለማን ነው?»

«ለኡበይደላ ነዋ። ሌላ ለማን ይሆናል?» ትንሽ ተቆጣ።

«ኡበይደላ የማን ልጅ ነው?»

ይህን ጊዜ ዓይኑን ከፈተ። ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። ልጅ ሲለመን የልጁ ዘር ይቆጠራል፤ ከልጅቷ ዘር ጋር የሚነካካ እንዳይኖር ሁለቱም ወገን ይሰማል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጉሮሮ ተጠርጎ፣ ወንዶች ፊት የሚነገር ነገር ነው። በሴት፣ ያውም ድልድይ ላይ፣ ተጠይቆ አያውቅም። ግን አንድ የአርሲ ሽማግሌ ዘርህን ቁጠር ተብሎ እንዴት አድርጎ ዝም ይበል?

«እዚህ?» አለ።

«እዚህ። ንፋሱ ነው እንጂ ማን ይሰማናል?»

«ኡበይደላ ሁሴን» አለ ገርባ። ሀጂራ የጋቢውን ጫፍ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እሱም አንድ እርምጃ መጣ።

«ሁሴንስ?»

«ሁሴን ገርባ። ገርባ እኔ ነኝ።»

«እርስዎን አውቄዎታለሁ። ገርባስ የማን?»

«ገርባ ጉቱ። ጉቱ ፉፋ።» እጁ ገመዱን አላላ። «ፉፋ እኮ፣ ልጄ፣ አንድ ዓመት ድርቅ ሲሆን ከብቱን ይዞ...»

«እሱን መሬት ላይ ይነግሩኛል። ፉፋ የማን ልጅ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። ሀጂራ ዓይኗን ሽማግሌው ላይ ተክላ ወደ ኋላዋ ስትሄድ አንድ የደረቀ ጣውላ ከተረከዟ ሥር ቀጭ አለና ግማሹ ወደ ውሃው ወረደ። አንድ እግሯ አብሮት ገባ። ጉልበቷ ከጠርዙ ጋር ተላተመ፤ ድልድዩ ወደ ጎን ተናጠ፤ ከዳር ሰዉ ሲጮህ ተሰማ። አያችሁ፣ ገርባ ያን ጊዜ ገመዱን ለቀቀ። ለቀቀና በሁለቱም እጁ የሀጂራን ክንድ ያዘ። ያረጀ እጅ ነው፤ ግን አዋሽን ሲታገል የኖረ እጅ ነው። ስቦ አወጣት።

«ፉፋ ሆራ» አለ፣ እያለከለከ። «ተነሺ። ሆራ በዳሶ።»

«በዳሶስ?» አለች ሀጂራ። ጋቢውን መልሳ ያዘች።

«በዳሶ ሮባ። ሮባ ገመዳ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚያሻግር አይታወቅም ነበር። እሷ ጋቢውን ይዛለች፣ እሱ ክንዷን ይዟል። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ስሙን እየተቀበሉ አብረው ይቆጥራሉ፤ አንዱ አባት ዘልለሃል ብሎ ሌላውን ያርማል፣ ቆመው ሊከራከሩ ሁሉ ነበር። ገርባ እግሩ አፈር ሲነካ ገና አልጨረሰም። አልጨረስኩም ብሎ እዚያው ዳር ላይ ቆመና እስከ መጨረሻው ቆጠረው። ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ ቁጭ ያለው።

ራህመቶ ሲያያቸው ተነሳ። ሰላምታውን አላጎደለም፤ እጅ ነስቶ፣ በኦሮምኛ አካም ጂርቱ ብሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃ አስመጣ። ሀጂራ እያነከሰች ማድ ቤት ገባች። የቀሚሷ ጠርዝ ተቀዷል፣ ጉልበቷ ይደማል። ዘውድነሽ በጨርቅ ልታስርላት ብትጠጋ «ዝም በይ፣ ልስማበት» አለቻት።

ሽማግሌዎቹ ልመናቸውን አቀረቡ። ሆራ ስለ ልጁ ጠባይ ተናገረ፣ ሌላው ስለ ቤቱ ተናገረ፣ በመጨረሻ ገርባ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» አለ። ራህመቶ አንገቱን ነቀነቀ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰምተናችኋል። የከበረ ቃል ነው ያመጣችሁት። እኛም ዘመድ አዝማድ ጠርተን እንመክራለን። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ፣ ኦቦ ገርባ፣ እርስዎም ሳይቀሩ።»

ማንም ምንም ሊል አይችልም። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም፤ ሂዱና ተመለሱ ይባላል፣ እንዲህ ነው ሲሆን የኖረው። ግን ገርባ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ድልድዩ አዞረ። ዛሬ መመለሱ አለ። በሳምንቱ ደግሞ መምጣቱ አለ፣ መመለሱ አለ። ምናልባት ያን ጊዜም ተመለሱ ይባሉ ይሆናል።

«እንመለሳለን» አለ በመጨረሻ፣ ለመስማት እንኳ በሚያስቸግር ድምፅ።

እንደማይመለስ እሱም ያውቃል፣ ራህመቶም ያውቃል። ሱሃይላም አወቀች፤ ማድ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ ለቅሶዋ እንዳይሰማ።

ሀጂራ ልጇን አየቻት። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣችና ምንጣፉ ዳር ቆመች።

«ጋሼ» አለች። «ሽማግሌን ማመላለስ ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅቷን ምን ያህል እንደፈለጓት ለማየት ነው። እኔ ዛሬ አይቻለሁ። እኚህ ሰው እየሞቱ ነው የመጡት። ስወድቅ የራሳቸውን ነፍስ ለቀው የኔን ያዙ። ከዚህ በላይ ምን እንዲያሳዩን ነው የምናመላልሳቸው? ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከራህመቶ ሰዎች አንዱ አስተግፍሩላህ አለ። ራህመቶ ፊቱ ደም መሰለ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«እኔ ጠይቄአታለሁ» አለ ገርባ። ድምፁ ተመልሶለታል። «ዘሬን ቆጥሬ የለመንኩት እሷን ነው። የሰማችኝም እሷ ናት።» ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጨምር ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ።

ዱዓ ሲጀመር እጁን የማይዘረጋ የለም። የማዶዎቹ ሦስት ሰዎች ዘረጉ። ከአዳማ የመጡትም አንድ በአንድ ዘረጉ፤ አስተግፍሩላህ ያለው ሰውዬ ሳይቀር። ዘውድነሽ በሩ ላይ ሆና በእሷው ደንብ አማተበች። የራህመቶ እጆች ግን ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ያለ እሱ ቃል ኒካህ እንደማይታሰር ሁሉም ያውቃል፤ እጁን ካልዘረጋ ሀጂራ በሰው ፊት የተናገረችው ለልጇ ዕድሜ ልክ ስድብ ሆኖ ይቀራል። ገርባ ዱዓውን አስረዘመ፤ ለዝናቡ ለመነ፣ ለከብቱ ለመነ፣ ለሙታን ለመነ። የዛኪርን ስም ሲጠራ ራህመቶ ቀና አለ። የወንድሙን ሚስት አያት፤ የተቀደደ ቀሚሷን፣ እግሯ ላይ የደረቀውን ደም። ሀጂራም ዓይኗን አልሰበረችለትም። ቀስ ብሎ፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው፣ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳና ዘረጋቸው። አሚን ያለው ከሁሉም ዘግይቶ ነው፤ ግን አለ፣ ማድ ቤት ያለችውም ልጅ ሰማችው።